ለአንድ የኪስ ሰንጢ አምስት መቶ ዶላር

ሰንጢ በየኪሱና በየመሳቢያው የሚገኝ ተራ ዕቃ ነው። ተማሪ እርሳስ ይቀርጽበታል፤ መንገደኛ ብርቱካን ይልጥበታል፤ ጸሐፊ የታሸገ ፖስታ ይከፍትበታል። ሲደነዝዝ በድንጋይ ይሳላል፤ የጠፋ እንደ ሆነም ባለቤቱ አንድ ቀን ተናዶ በማግስቱ ሌላ ይገዛል። እንግዲህ ለአንድ ታጣፊ ሰንጢ አምስት መቶ ዶላር የሚከፍል፥ ለመክፈልም ተራው እስኪደርስ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት የሚጠብቅ ሰው አለ ቢባል፥ ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ነገሩን እንደ ቀልድ ሳይቈጥሩት አይቀሩም።

ነገሩ ግን እውነት ነው። በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በጃፓን የሰንጢ አፍቃሪዎች የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከመካከላቸው ሐኪምም፥ አናጢም፥ ወታደርም፥ የከባድ መኪና ነጂም ይገኝበታል። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ በየዓመቱ «ብሌድ ሾው» የሚባል ታላቅ የስለት ኤግዚቢሽን ሲከፈት፥ እነዚህ ሰዎች ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጡ ከበሩ ላይ ይሰለፋሉ። አንዱ በሃያ ዶላር የሚሆነውን ይፈልጋል፤ ሌላው በሁለት መቶ፤ ሌላው በአምስት መቶ፤ ጥቂቶችም ብዙ ሺህ ዶላር አውጥተው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ሁሉም የገዙት ከኪስ የሚገባ፥ የሚታጠፍ አንድ ስለት ነው።

አምስት መቶ ዶላር በአገራችን ለአንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ስለዚህ በሃያውና በአምስት መቶው መካከል ያለው ገንዘብ ምን እንደሚገዛ መጠየቁ ተገቢ ይመስለናል። ጥያቄው ዛሬ ለራሱ ዕቃ ለሚገዛ ተማሪም፥ ነገ ለመሥሪያ ቤቱ ጨረታ ለሚያወጣ ወጣት ሹምም ሳይጠቅም አይቀርም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከታችኛው ዋጋ እንነሣ። በፈረንሳይ አገር በሳቭዋ ተራራማ አውራጃ ጆዜፍ ኦፒኔል የሚባል የብረት ሠሪ ልጅ በ1890 ለገበሬ የሚሆን አንድ ቀላል ሰንጢ ሠራ። እጀታው እንጨት፥ ስለቱም አንድ ብቻ ነው። በ1955 ስለቱ ሳይታሰብ ታጥፎ ጣት እንዳይቈርጥ የሚከለክል የሚዞር ቀለበት ተጨመረለት። ዛሬ ሰንጢው ተፈታትቶ ቢታይ የሚገኙት ክፍሎች አምስት ብቻ ናቸው። 8 ቍጥር የሚባለው መካከለኛው ዓይነት በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው በ20 ዶላር ገደማ ነው። ስለቱ ስስ ስለ ሆነ ፖምም ሆነ ዳቦ ሲቈርጥ፥ አሥር እጥፍ የሚያወጡትን ብዙ ሰንጢዎች ይበልጣቸዋል። ይህን የሚክድ እውነተኛ የሰንጢ አፍቃሪ የለም፤ ብዙዎቹም ከውዶቹ ሰንጢዎቻቸው አጠገብ አንድ ኦፒኔል አይጠፋቸውም።

ከኦፒኔል ጥቂት ከፍ ብሎ፥ በ30ና በ50 ዶላር መካከል፥ ቀይ እጀታ ያለው የታወቀው የስዊስ ሰንጢ ይገኛል። ስለትና ጠርሙስ መክፈቻ፥ ቆርቆሮ መክፈቻና ብሎን መፍቻ ባንድነት ይዟል። ስለዚህኛው ኋላ እንመለስበታለን። ከዚያም ቀጥሎ አሜሪካኖች ከ1964 ጀምሮ የሚያውቁት፥ የነሐስ ጫፍና የእንጨት እጀታ ያለው «ባክ 110» የሚባለው ከባድ የአዳኝ ሰንጢ አለ፤ እሱም ቢሆን ከ100 ዶላር በታች ነው። እንግዲህ መቍረጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጕዳዩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል።

ለአፍቃሪው ግን ጕዳዩ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

የስለት ብረት ሁለት የሚጣሉ ጠባዮችን ማስታረቅ አለበት። በጣም ከጠነከረ ጫፉ ይሸረፋል፤ በጣም ከለሰለሰ ጫፉ ይተኛል። በዚህ ላይ ደግሞ እንዳይዝግ ክሮሚየም የሚጨመርበት እንደ ሆነ፥ ብረቱ ውስጥ ጠጣር ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ቅንጣቶቹም ትልልቅ ሆነው በአንድ ቦታ ሲከማቹ ብረቱን ተሰባሪ ያደርጉታል። ይህን ችግር ለማስወገድ የብረት ሊቃውንት አንድ ብልሃት ፈጠሩ። የቀለጠውን ብረት በኃይለኛ ጋዝ እየረጩ እንደ ዱቄት ያደቅቁታል፤ ዱቄቱን በታሸገ ጣሳ ውስጥ አድርገው በብርቱ ሙቀትና ግፊት እንደገና አንድ ቍራጭ ያደርጉታል። በዚህ ዓይነት የተሠራው ብረት ቅንጣቶቹ ደቃቆችና በእኩል የተበተኑ ስለሚሆኑ፥ ጥንካሬንም አለመሰበርንም ባንድነት ይይዛል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሲራኪዩዝ የነበረው የክሩሲብል ፋብሪካ ነው። በ2021 ላሪን ቶማስ የሚባል የብረት ሊቅ «ማግናከት» የተባለውን አዲስ የሰንጢ ብረት ሲያወጣ፥ መጀመሪያ የተሠራው በዚሁ ፋብሪካ ነበረ። አፍቃሪዎቹም ብረቱን እንደ ብርቅ ተሻሙበት።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያሻል። አንደኛው፥ ይኸው የታወቀ ፋብሪካ በ2024 መጨረሻ ላይ ዕዳውን መክፈል አቅቶት የኪሣራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ። የሰንጢ አፍቃሪዎች ለአንድ ዕቃ ብዙ ገንዘብ ለመክፈል ቢዘጋጁም፥ አንድን ትልቅ የብረት ፋብሪካ ብቻቸውን ማቆም አይችሉም፤ በአንድ ሰንጢ ውስጥ ያለው ብረት በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ነውና። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ላሪን ቶማስ በልዩ ልዩ ብረት የተሠሩ ስለቶችን፥ አሸዋነት ያለው ካርቶን በሚያስቈርጥ መኪና ላይ እየፈተነ ውጤቱን ጽፏል። ከዚያ ፈተና እንደ ተረዳው፥ የስለቱ ጫፍ ምን ያህል እንደ ሳሳና በምን ያህል ማዕዘን እንደ ተሳለ የሚያመጣው ልዩነት፥ የብረቱ ዓይነት ከሚያመጣው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ብረቱ በእሳት የታከመበትም መንገድ እንዲሁ ታላቅ ድርሻ አለው። ይህ ማለት ውድ ብረት ገዝቶ ወፍራም ስለት የሚይዝ ሰው፥ ርካሽ ብረት ይዞ ስለቱን ካሳሳው ጎረቤቱ ያነሰ ሊቈርጥ ይችላል ማለት ነው። ይህንንም የተናገረው ውዱን ብረት የፈጠረው ሰው ራሱ ነው።

ታዲያ አምስት መቶው ዶላር የት ይገባል? መልሱን ለማግኘት አንድ ሰንጢ ወስደን ጠጋ ብለን እንየው።

ክሪስ ሪቭ በደቡብ አፍሪካ ሰንጢ ሲሠራ ቆይቶ በ1989 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በአይዳሆ ክፍለ ሀገር በቦይዚ ከተማ ተቀመጠ። እዚያም «ሴቤንዛ» ብሎ የሰየመውን ታጣፊ ሰንጢ በፋብሪካ ማውጣት ጀመረ። ቃሉ ከዙሉ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ፍችው «ሥራ» ማለት ነው። ሰንጢው ላይ ላዩን ሲታይ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ግራጫ እጀታ፥ አንድ ስለት፥ ጥቂት ብሎን ብቻ። እጀታው ከሁለት የቲታኒየም ገጽ የተሠራ ነው። ከአንደኛው ገጽ ላይ አንድ ምላስ በመጋዝ ተከፍሎ እንደ ሞላ እንዲተጣጠፍ ተደርጓል፤ ስለቱ ሲከፈት ያ ምላስ ከበስተኋላው ገብቶ ይደግፈዋል። እንግዲህ እጀታው ራሱ ቍልፍ ሆነ ማለት ነው። እጅ አጥብቆ በያዘ መጠን ቍልፉም ይጠብቃል። ይህን አሠራር ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ቀድተውታል።

ቀላል መስሎ የሚታየው ይህ ነገር የሚያስቸግረው ልኩ ላይ ነው። ምላሱ በጣም ከጠበቀ ስለቱን መዝጋት ጣት ያደማል፤ ከላላ ደግሞ ስለቱ ይነቃነቃል። ስለቱ ሲዘጋ በሁለቱ ገጾች መካከል ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያጋድል ልክ ከመሐል መቀመጥ አለበት። ስለቱ የሚዞርበት ቦታ ሳይላላ የሚለሰልስ፥ ሳይጠብቅ የሚጸና መሆን አለበት። ይህን በመቶ ሰንጢ ላይ አንድ ጊዜ ማግኘት ዕድል ነው፤ በመቶውም ላይ ማግኘት ግን መኪናን በጠባብ ልክ ማሠራት፥ ልኩን ያልጠበቀውን መጣል፥ የቀረውን ደግሞ በሠለጠነ ሠራተኛ እጅ አንድ በአንድ ማስተካከል ይጠይቃል። ገንዘቡ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። የዛሬው የሴቤንዛ ዋጋ 500 ዶላር ገደማ ሲሆን፥ ትልቁና ጌጥ ያለው ከዚያ ያልፋል። ባለቤቱ በመፍቻ ፈትቶ ጠርጎ መልሶ እንዲገጥመው ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሲያረጅም ለፋብሪካው ቢልከው ታድሶ ይመለስለታል። ሰንጢውን በየዓመቱ ለማይጥል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከሃያ እስከ ሁለት መቶ ባለው መንገድ ገዢው የሚያገኘው የተሻለ ብረትና የማያሳፍር ቍልፍ ነው፤ ከሁለት መቶ እስከ አምስት መቶ ባለው መንገድ የሚያገኘው በአብዛኛው የሠራተኛ ሰዓት ነው። መቍረጡ ብዙ አይጨምርም። አፍቃሪው ይህን ያውቃል፤ እያወቀም ይከፍላል። እጁ ውስጥ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማው ልስላሴ፥ የሠራውም ሰው አለመቸኰሉን ማወቁ ደስ ያሰኘዋል። ጥሩ ጋቢ ከፈታይዋ እጅ የሚገዛ ሰው ይህን ደስታ ለመረዳት አይቸገርም።

ዋጋው ከዚህ በላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል። ሪክ ሂንደረር የሚባለው የኦሃዮ ሰው ሰንጢ ሠሪ ሲሆን፥ እሳት አጥፊም የነበረ ነው። ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት የእሱን ታጣፊ ሰንጢ የሚፈልገው ሰው ብዙ፥ ከሱቁ የሚወጣው ሰንጢ ግን ጥቂት ነበረ። ከዚህም የተነሣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ፥ ሠሪው ከተመነው ዋጋ እስከ እጥፍ ይወጣለት ጀመር። ያ ትርፍ ገንዘብ ለብረቱም፥ ለሠራተኛውም፥ ለሂንደረርም የደረሰ አይደለም፤ ሰልፉ ላይ ቀድሞ ለተገኘው ነጋዴ ገባ። ሂንደረር መኪና ጨምሮ በብዛት ማውጣት ሲጀምር ዋጋው ወደ ቦታው ተመለሰ። በውድ የገዙት ሰዎች ሰንጢው አልተለወጠባቸውም፤ ያው ስለት፥ ያው ቍልፍ ነው። የቀለጠው ለብርቅነቱ የከፈሉት ገንዘብ ነው። በዛሬው ገበያ አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ጠባይ ተምረው፥ በጥቂት መቶ ቍጥር ብቻ የሚወጣ ልዩ ቀለም፥ ልዩ እጀታ እያሉ ያቀርባሉ፤ ዕቃውም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ይህን ዓይነቱን ግዢ ከቍማር ለይተን ማየት ያስቸግረናል።

በሺህ የሚቈጠረው ዋጋ ደግሞ የጥበብ ሥራ ዋጋ ነው። በኒው ሜክሲኮ በታኦስ የሚኖረው ማይክል ዎከር በ1980ዎቹ መጀመሪያ፥ ዛሬ በዓለም ላይ በሚሊዮን በሚቈጠሩ ሰንጢዎች ውስጥ የሚገኘውን በእጀታው ውስጥ የሚቀመጥ የቍልፍ ዓይነት ያሻሻለ ሰው ነው። በእጁ የሠራቸው ታጣፊዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ሥዕል ይታያሉ። ስለነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልገንም፤ ሥዕል የሚገዛ ሰው ግድግዳዬን ይሸፍንልኛል ብሎ አይገዛምና።

ብዙ የሚያነጋግረን የእንግሊዟ የሼፊልድ ታሪክ ነው። የዚህች ከተማ ስለት ዝናው ከጥንት የጀመረ ነው፤ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ባለቅኔው ቾሰር «የካንተርበሪ ተረቶች» በተባለው ድርሰቱ ያመጣው ባለወፍጮ የሼፊልድ ቢላዋ የታጠቀ ነበረ። በ1624 የስለት ሠሪዎቹ ማኅበር በሕግ ቆመ። በ1822 የጆዜፍ ሮጀርስ ቤት ችሎታውን ለማሳየት ሲል 1,822 ስለት ያለው አንድ ሰንጢ ሠራ። የማይዝግ ብረትን በ1913 ያገኘው ሃሪ ብሬርሊም የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። በከተማው ውስጥ «ሊትል ሜስተር» የሚባሉ፥ ትርጕሙም ትንሽ ጌታ ማለት ነው፥ አያሌ ባለ ሞያዎች ነበሩ። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፥ አንዱ መሞረድ፥ አንዱ መሳል፥ አንዱ እጀታ መግጠም እያሉ ሥራውን ተከፋፍለው ይሠሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ርካሽ ዕቃ መጣ። መኪና በብዛት የሚያወጣው ሰንጢ በሩብ ዋጋ ሲሸጥ፥ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ገዢውን መውቀስ አይቻልም፤ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ርካሹም ይቈርጣል። የትንንሾቹ ጌቶች ክፍሎች ግን አንድ በአንድ ተዘጉ። ክፍሉ ሲዘጋም ልጅ አላስተማረምና ሞያው አብሮ ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ጸንተው ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ስታን ሾው ነበር። በ1941 በልጅነቱ ከአንድ የሰንጢ ፋብሪካ ገብቶ ሞያውን ተማረ፤ ከሰባ ዓመት በላይም ሠራ። የንግሥቲቱ መንግሥት ኒሻን ሰጠው። በ2021 በ94 ዓመቱ ሲሞት ስሙ ከእንግሊዝ አልፎ በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነበረ።

ስታን ሾው ይሠራቸው የነበሩት ሰንጢዎች ቍልፍ የላቸውም። ስለቱን የሚይዘው ከጀርባው ያለው የብረት ሞላ ብቻ ነው። አንድ ባለ ሞያ ይህን ሞላ በሞረድ ሲያስተካክለው፥ ስለቱ ሲከፈትም፥ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስም፥ ሲዘጋም የሞላው ጀርባ ከእጀታው ጋራ እኩል መሆን ይገባዋል፤ ጣት ቢዳስሰው ሊያደናቅፈው አይገባም። ሲዘጋ ደግሞ «ጧ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት። የዚህ ዓይነት ሰንጢ አፍቃሪዎች ዕቃውን ሳያዩ በድምፁ ብቻ ይፈርዱበታል። ይህን የሚያደርግ መኪና የለም ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን በእጅ የሚያደርገው ሰው እየጠፋ መሄዱን ሁሉም ይናገራል። ሾው ትእዛዝ የሚቀበለው ገዢው ዓመታት እንዲጠብቅ አስታውቆ ነበር። ገዢዎቹም ይጠብቁ ነበር። ከተማው ራሱ የተወውን ሞያ በሕይወት ያቆዩት ከባሕር ማዶ ሳይቀር ገንዘባቸውን ይዘው የጠበቁት እነዚህ እንግዳ ሰዎች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን ወደ ቀዩ የስዊስ ሰንጢ እንመለስ፤ የዚህኛው ታሪክ በተለይ በመንግሥት ሥራ ላሉ ወጣቶች የሚጠቅም ነው። ካርል ኤልስነር በ1884 በኢባኽ መንደር የስለት ሥራ ቤት ከፈተ። የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ ታጣፊ ሰንጢ ለማደል ሲወስን፥ ያን ያህል ብዛት የሚያወጣ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ስላልተገኘ የመጀመሪያው ከጀርመን አገር ከሶሊንገን ተገዛ። ኤልስነር የሞያ ጓደኞቹን በማኅበር አሰባስቦ በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። ይሁን እንጂ የሶሊንገን ፋብሪካዎች በመኪና በብዛት ስለሚያወጡ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነበረ። ጓደኞቹ ኪሣራውን አይተው ተዉት፤ እሱ ግን ገንዘቡን ሁሉ እስኪጨርስና ዘመዶቹ እስኪደግፉት ድረስ ቀጠለበት።

ያዳነው የጦሩ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም። በ1897 ከወታደሩ ሰንጢ የቀለለና ያማረ፥ ተጨማሪ ስለትና የወይን ጠጅ ቡሽ መንቀያ ያለው አንድ ሌላ ሠርቶ «የመኰንንና የስፖርት ሰንጢ» ብሎ በሕግ አስመዘገበ። ጦሩ ይህን ለመኰንኖች አላደለም። መኰንኖቹ ግን ከሱቅ በየራሳቸው ገንዘብ ገዙት። ነጻ የተሰጠ ሰንጢ እያለ ለተሻለው ከኪሱ የሚከፍል ሰው በመገኘቱ፥ ዛሬ «ቪክቶሪኖክስ» የሚባለው ታላቅ ፋብሪካ ቆመ። ስለዚህ የዛሬው አፍቃሪ የሚያደርገው ነገር አዲስ አይደለም።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው ጥያቄ ተመለሰ። የስዊስ ጦር ሰንጢውን ለመለወጥ ሲያስብ፥ በዓለም አቀፍ የንግድ ውል ምክንያት ጨረታውን ለውጭ አገር ሰዎች ክፍት ማድረግ ነበረበት። በ2007 ይህ ሲሰማ የስዊስ ወታደር የቻይና ሰንጢ ሊይዝ ነው የሚል ትልቅ ጩኸት ተነሣ። ጨረታውን በመጨረሻ ያሸነፈው ቪክቶሪኖክስ ነው። በዚህ ላይ ለወጣት ሹማምንት አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን፤ ጨረታ የሚያወጣ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዲያገለግል፥ በምን ዓይነት ብረት እንዲሠራ፥ ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው አስቀድሞ በዝርዝር ካልጻፈ፥ የሚያገኘው ርካሹን ብቻ ነው፤ ርካሹንም ያቀረበ ነጋዴ አላታለለውም።

ያም ሆኖ ጥሩ ሥራ ከጊዜው ወጀብ አያድንም። በመስከረም 2001 በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ላይ አደጋ ከደረሰ በኋላ በአውሮፕላን ውስጥ ሰንጢ መያዝ ሲከለከል፥ በየአውሮፕላን ማረፊያው ሱቅ የሚሸጠው የስዊስ ሰንጢ ገበያው ክፉኛ ወደቀ። ፋብሪካው ሠራተኞቹን ከማባረር ይልቅ ለጊዜው ለሌሎች ኩባንያዎች እያዋሰ ችግሩን አሳለፈ፤ በ2005ም የረጅም ዘመን ተወዳዳሪውን ቬንገርን ገዛ። በ2024 የፋብሪካው መሪ፥ በአንዳንድ አገሮች ስለት መያዝ እየተከለከለ በመሄዱ፥ ስለት የሌለበት የኪስ መሣሪያ እያዘጋጀን ነው ብሎ አስታወቀ። በነሐሴ 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በስዊስ ዕቃ ላይ መቶ እጅ 39 ቀረጥ ጣለ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ 15 እንዲወርድ ስምምነት ተደረገ። ገዢ ለጥሩ ሥራ ሊከፍል የተዘጋጀው ገንዘብ እንዲህ ባለ ጊዜ ሠሪው ዘንድ ሳይደርስ በጉምሩክ በር ላይ ይቀራል።

በአገራችንስ? ብረት ሠሪው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላዋ ያወጣል፤ ብረቱም ጥሩ ብረት ነው። ሲሸጥ ግን የማን እጅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ገዢ አናገኝም። በቀድሞው ዘመን ቀጥቃጭና ጠይብ እየተባለ መሰደቡ ዳግማዊ አፄ ምኒልክን አሳዝኖ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል አድርሷቸው ነበር። ስድቡ ቢቀርም ስሙ ገና ዋጋ አላገኘም። ከአንድ ገበያ ላይ ሁለት ቢላዋ ጐን ለጐን ተቀምጠው አንዱ የእገሌ እጅ ነውና አምስት ብር ይበልጣል ሲባል የሰማን እንደ ሆነ፥ አንድ ነገር ተለውጧል እንላለን።

የራሳችንን አስተያየት የሚጠይቀን አንባቢ ቢኖር፥ ለመጀመሪያ ሰንጢ ሃያው ዶላር በቂ ነው እንላለን፤ ስለቱን መሳል መማርም ውድ ብረት ከመግዛት ይቀድማል። ገንዘብ ያለው ሰው ለሠራተኛ ሰዓት አምስት መቶ ቢያወጣ አንነቅፈውም፤ ሰዓቱ እውነተኛ ሰዓት ነውና። ዕቃው ብርቅ ነው ተብሎ እጥፍ የሚከፍለውን ግን ቆም ብሎ እንዲያስብ እንመክረዋለን።

ከአፍቃሪዎቹ ጠባይ አንዱን ግን ልንረዳው አልቻልንም። ብዙዎቹ በውድ የገዙትን ሰንጢ ከሳጥኑ አያወጡትም፤ አንዳንድ ጊዜ በለስላሳ ጨርቅ ጠርገው፥ ከፍተው ዘግተው፥ ድምፁን ሰምተው ይመልሱታል። ስሙ «ሥራ» የሚባለውን ያን የአይዳሆ ሰንጢ ከእጅ ወደ እጅ ሊሸጡ ማስታወቂያ ሲያወጡም፥ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግላቸው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም እስካሁን ምንም አልተቈረጠበትም የሚለው ነው።